ዝናብ የሚገባበት ቤት

ቢሾፍቱ፣ ተሠርቶ ባላለቀ ቤት ውስጥ፤ የቤቱን ንድፍ ያወጣችው ሶስናና ጡረታ የወጣው ሾፌር አባቷ ዘርጋው፣ መሀል ቤቱ ላይ ጣሪያ ከሌለው ቦታ ዳር ቆመዋል፤ ሰማዩ ጠቁሯል።

ሶስና፦ ለዚህ ክፍት ጣሪያ ያዘዝኩትን መስታወት ማን አስመለሰው?

ዘርጋው፦ እኔ። ሠራተኞቹን አትቆጪ።

ሶስና፦ አባዬ፣ ቤት እኮ ነው፣ ሜዳ አይደለም! ክረምት ሲገባ ሳሎን መሀል ሊዘንብብህ ነው?

ዘርጋው፦ ይዝነብ! እናትሽ ሕንድ አገር፣ ኬረላ ያደገችበት ቤት እንዲህ ነበር። ጣሪያው ከአራቱም በኩል ወደ መሀል ያዘነበለ፣ ዝናቡ እዚያው የሚወርድ፣ ቤተሰቡ ምሰሶ ተደግፎ የሚያየው። እሱን ሥሪልኝ አልኩሽ።

ሶስና፦ ሠራሁልህ እኮ! የሸክላ ጣሪያው፣ የእንጨት ምሰሶው፣ በረንዳው፣ ሁሉም አለ። እኔ የጨመርኩት መስታወት ብቻ ነው። አዳልጦህ ብትወድቅ ማን ያነሳሃል?

ዘርጋው፦ ብቻዬን አይደለሁማ።

ሶስና፦ ምን ማለት ነው?

ዘርጋው፦ ተይው።

ሶስና፦ አባዬ፣ እማዬ ከሞተች ሁለት ክረምት አለፈ።

ዘርጋው፦ የቀበርኳት እኔ ነኝ፤ ለእኔ አትንገሪኝ። ግን ዝናብ ሲጥል ትመጣለች። የተከራየሁት ቤት ቆርቆሮ ላይ ስትዞር እሰማታለሁ፣ መግቢያ አጥታ። እዚህ ግን ባለፈው ሲዘንብ ገባች። እዚያ ምሰሶ ጋ ድምጿን ሰማሁት።

ሶስና፦ ንፋስ ነው። ባዶ ቤት ያስተጋባል።

ዘርጋው፦ ንፋስ ያወራል? የምትለው አንድ ነገር ነው፣ ደጋግማ። ያገሯ ቋንቋ መሰለኝ፤ አይገባኝም።

ሶስና፦ ምን አለች?

ዘርጋው፦ «ኢንጉ ቫ፣ ሞሌ።»

ሶስና፦ እስቲ ድገመው።

ዘርጋው፦ ምነው? ፊትሽ አመድ መሰለ።

ሶስና፦ ይህን ከማን ሰማህ?

ዘርጋው፦ ከእሷ ነው የምልሽ!

ሶስና፦ እማዬ አንተ ባለህበት በአማርኛ ብቻ ነበር የምታወራኝ። መኪናህን ይዘህ ስትወጣ፣ ነጎድጓዱ ሲያስፈራኝ፣ ብርድ ልብሷን ገልጣ በዚህ ቃል ትጠራኝ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም፣ አባዬ። ለማንም።

ዘርጋው፦ ምን ማለት ነው?

ሶስና፦ «ወደዚህ ነይ፣ ልጄ።»

ዘርጋው፦ የምትጠራው እኔን አይደለም እንዴ?

ሶስና፦ አንተን አይደለም።

ዘርጋው፦ ሠራተኞቹን ጥሪያቸው። ያስመለስኩትን መስታወት አምጥተው አሁኑኑ ይግጠሙት!

ሶስና፦ አሁን አይደል እንዴ ይዝነብ ያልከው?

ዘርጋው፦ እኔን የምትጠራ መስሎኝ ነዋ! እኔ አርጅቻለሁ፣ ብሄድም ምንም አይደል። አንቺን ግን አልሰጣትም!

ሶስና፦ ጀመረ፤ ዘነበ።

ዘርጋው፦ ነይ እንውጣ! ዝናቡ ውስጥ ወዴት ነው? ሶስና!

ሶስና፦ እጄን ልቀቀኝ፣ አባዬ። ስትጠራኝ አቤት ሳልላት ቀርቼ አላውቅም።