ተሰፍቶ የኖረው መጽሐፍ

ረዲያ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አሰበ ተፈሪ ገበያ ዳር ከጎረቤቷ ከአደ ኩብራ ጋር ተገጣጠመች። እኒህ ሴት የልጅ ልጃቸውን መስዑድን በክረምት ከቀበሩ ወዲህ ከደጃፋቸው ርቀው አያውቁም። ዛሬ ግን በቆዳ የተሰፋ ነገር በብብታቸው ሸጉጠው ይገሰግሳሉ።

«አሰላሙ ዓለይኩም አደ ኩብራ፤ በዚህ ፀሐይ ወዴት ነው?»

«ወዓለይኩም ሰላም። መጽሐፍ ሻጩ ጋ። ይህን ልመልስለት ነው፤ ዋሽቶኛል።»

«ምን ብሎ?»

«ይህ መጽሐፍ ካለበት ቤት በሽታ አይገባም ብሎ! በቆዳ አሰፍቼ መስዑድ ራስጌ አኖርኩት፤ ልጄ ሞተ። አሁን ደግሞ እህቱን ሞሚናን ያው ተቅማጥ ይዟታል። አንገቷ ላይ ባስረውም ዝም!»

ረዲያ ምላሷ የማያርፍ ልጅ ናት።

«አፉን ሰፍተውበት ምን ብሎ ይናገር? እኔም ብሰፋ ዝም እል ነበር።»

«አንቺ ብትሰፊማ ሰፈሩ ባረፈ!»

«ይህ እኮ ክታብ አይደለም፤ የጤና መጽሐፍ ነው። የሚጠቅመው ሲነበብ ነው።»

«እናቶቻችን በመጽሐፍ ነው እንዴ ያሳደጉን?»

«ሳያድግ የቀረውንስ ማን ቆጠረው?»

አደ ኩብራ በአቅራቢያው ባለ ሱቅ ደረጃ ላይ ቁጭ ብለው መጽሐፉን ወረወሩላት። ረዲያም ስፌቱን በጥርሷ በጥሳ ስለ ተቅማጥ የሚለውን ፈልጋ አነበበችላቸው፦ የታመመ ልጅ ውሃ አይከልከል፤ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ በማንኪያ ቶሎ ቶሎ ይሰጠው፤ ሐኪም ቤት ለመውሰድም አይዘግይ።

«ውሃ?» አሉ አደ ኩብራ። «ውሃ ያብስበታል እንጂ! የሚወጣውስ ውሃ አይደል?»

«ከታች የሚያፈስ እንስራ፣ ከላይ ካልሞሉት ምን ይሆናል?»

«ይደርቃል» አሉ፤ ከአፋቸው ከወጣ በኋላ ነው የሰሙት።

ፊታቸው ተለወጠ። «ረዲያ፣ "ቢሻን፣ ቢሻን" እያለ መስዑድ ውሃ ለመነኝ። እንዳያየው ብዬ ጣሳውን ከኋላዬ ደበቅኩት። ለሱ ብዬ ነው የደበቅኩት።»

ረዲያ ምነው ሌላ ገጽ ባነበብኩ ብላ ተመኘች። ግን ሞሚና ቤት ተኝታለች፤ እሷም ከትናንት ጀምሮ ውሃ ተከልክላለች።

«ይነሱ፤ ይችኛዋ ገና በሕይወት አለች» አለቻቸው።

ሮጠው ገቡ፤ ውሃ አፍልተው አበረዱ። የመጀመሪያውን ማንኪያ ልጅቱ መለሰችው። አደ ኩብራ ደገሙ። ያንን ስትውጥላቸው ሌላ ጨመሩ። ከዚያም በሻሽ አዝለው ሐኪም ቤት አደረሷት፤ ተረፈች።

መጽሐፍ እንግዲህ እንዲህ ነው፤ ሲከፈት እንጂ ሲታሰር አይጠቅምም። በየቤቱ አንድ ማንበብ የሚችል ልጅ ቢኖር፣ ትልቁም ለመስማት ባይኮራ፣ ስንት ሕፃን በተረፈ! ውሃ ማፍላት ከጥቂት ማገዶ በቀር ምን ያስወጣል? አሁን የሰፈሩ ሴቶች ማታ ማታ ተሰብስበው ረዲያን ያስነብባሉ፤ የውሃውም ነገር እስከ ሌላ ወረዳ፣ እስከ መሰላ ተሰምቷል።

ሞሚና ድና ስትሮጥ ጎረቤቱ «እሰይ፣ ተካሱ» ይላል። አደ ኩብራ ግን አይስቁም። ልጅ ታመመ በተባለበት ቤት ሁሉ ሳይጠሩ ይገባሉ፤ «ውሃ ስጡት» ይላሉ። አንዳንዷ እናት ፊቷን አኮሳትራ፣ «አልተማሩ፣ በምን አወቁ?» ትላቸዋለች።

«የኔን እንደጠማው ቀብሬው ነው» ይሏታል።