ወንበሬን የመለሰልኝ ልጅ

በደርግ ጊዜ ነው። ወደ ቦሌ ሚካኤል በሚሄድ አውቶቡስ ተቀምጬ ሳለሁ አንዲት ሴት ፀጉር የሌላቸው፣ ፊታቸው የተጨማደደ አጭር ሽማግሌ እጃቸውን ይዛ ገባች። ብድግ ብዬ «አባባ፣ ይቀመጡ» አልኩና አስቀመጥኳቸው። እሷን ደግሞ ሰው እየሰማ «ምነው እቴ፣ አባትሽን በዚህ ብርድ ያለ ጋቢ ታወጪያቸዋለሽ?» ብዬ ተቆጣኋት።

«ልጄ ነው» አለች ቀስ ብላ። «ገና ሰባት ዓመቱ ነው።»

ሴላችን ውስጥ ኒውክለሱን እንደ ማገር ደግፎ የሚይዘው ላሚን የሚባል ፕሮቲን ሲበላሽ ሕፃን እንዲህ እንደሚያረጅ ሐኪም የነገረኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ያኔ አውቶቡሱ ውስጥ ግን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ጭራሽ ልጁ ተነሣና በቀጭን ድምፁ «ጋሼ፣ እርስዎ ይቀመጡ። እማዬ ለትልቅ ሰው ተነሣ ብላኛለች» አለኝ።

ሰፈሬ ሳልደርስ ወረድኩ።