ቦረቦሩ ወደ ላይ ይሄዳል

አያ እንዳላማው በዚያ የሐምሌ ከሰዓት በኋላ ከማንም ሰው ጋር ባይገናኙ ደስታቸው ነበር። ጣሊያን ጎጃም ከገባ አምስተኛው ክረምት ነው። የጣሊያኑ ሹም የአገሩን ሽማግሌዎች ወደ አምበር ከተማ ጠርቶ፣ «ጠመንጃ የደበቀ ማነው? ለሽፍታ ስንቅ የሚያቀብል ማነው?» እያለ ከጧት ጀምሮ ጭቃ ላይ አቆማቸው፤ የሚመልስለት ሲያጣ ደግሞ እንደ ከብት ነድቶ አሰናበታቸው። እሳቸውም ሲመለሱ ዝናብ መንገድ ላይ ያዛቸውና ወደ ሚካኤል ደጀ ሰላም ገቡ። ጋቢያቸውን ሲያራግፉ ጥግ ላይ የተቀመጠ ወጣት ብድግ አለ። ባምላኩ ነው፣ የታረቀ ልጅ።

ታረቀና አያ እንዳላማው የወንድማማች ልጆች ነበሩ። ካንድ አያት በወረደ ርስት ላይ፣ እሳቸው ከላይ እሱ ከታች፣ ሠላሳ ዓመት ጎን ለጎን አርሰዋል። ከሁለት ዓመት በፊት ግን ጣሊያኖች ታረቀን ከቤቱ ወስደው «መንገድ ምራ» አሉት፤ መራ። አርበኞቹ ተከበቡ፤ የአያ እንዳላማው አንድያ ልጅ አለበልም ከነሱ ጋር ነበርና እዚያው ወደቀ። ብዙም ሳይቆይ ታረቀን ንዳድ ገደለው። ወዶ ነው ተገዶ የሚለውን አገሬው እስካሁን አልተስማማበትም። አያ እንዳላማው ግን ለራሳቸው ፈርደው ጨርሰዋል። በዚያው ክረምት የማሳቸውን ፈሰስ፣ ጤፍ ሲዘራ በማረሻ የሚወጣውን የውኃ መውረጃ ሁሉ፣ ወደ ሟቹ ሚስት ወደ ሸጊቱ እርሻ አዞሩት። ከዚያ ወዲህ ማሳውን ለእኩል አራሽ ሰጥተው የሸጊቱን ደጅ ላለማየት ወደዚያ ዳር ዝር ብለው አያውቁም።

«እንደምን ዋሉ፣ አያ እንዳላማው?» አለ ባምላኩ እጅ ነሥቶ።

ሽማግሌው ዝናቡን ተመለከቱ። ሌላ ቦታ ቢሆን ወጥተው በሄዱ ነበር፤ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ግን ሰላምታ መንፈግ አይሆንላቸውም። ደግሞም ለመቆጣት እንኳ አቅም አልነበራቸውም።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ።

ባምላኩ ወረራው እስኪመጣ ደብረ ማርቆስ ተማሪ ቤት የነበረ፣ ጨዋ፣ ግን የሚያውቀውን ሳይናገር ማደር የማይችል ልጅ ነው። «የምለምንዎ ነገር ነበረኝ» አለ።

«ስለ ፈሰሱ ከሆነ አትድከም። ውኃ ወደ ታች መውረዱ የእግዜር ሥራ ነው።»

«ልክ ነዎት፤ ውኃው ወደ ታች ነው። ጎርፉ የቆፈረው ቦረቦር ግን ወደ ላይ ነው የሚሄደው።»

«ምን ማለትህ ነው?»

«ውኃው ከእርስዎ ማሳ ወደኛ ሲወድቅ ሥር ሥሩን ይምሳል። ሥሩ ሲማስ አናቱ ይናዳል፤ በተናደ ቁጥር ወደ እርስዎ ይጠጋል። ለሰኔ ሚካኤል ድንበሩ ላይ ችካል ተክዬ ነበር፤ ዛሬ ችካሉ የለም። አሥራ አራት እርምጃ ወደ እርስዎ ገብቷል። ከአያቶቻችን አውድማ ለመድረስ የቀረው ስድስት እርምጃ ነው።»

«ይናድ! አለበል ከሞተ ወዲያ አውድማ ለማን ልተወው?»

«አልጣሽ አለችልዎ። አባቷን ጣሊያን ነሣት፤ መሬቷን ደግሞ አያቷ ይንሷት?»

አያ እንዳላማው ዱላቸውን አነሡ። አልጣሽ የአለበል ልጅ ናት፤ ገና አራት ዓመቷ ነው፤ በዓለም ላይ የቀረቻቸውም እሷው ብቻ ናት። ባምላኩ ከቆመበት ንቅንቅ አላለም።

«ይምቱኝ። አባቴ መንገድ መርቷል፤ አልክድም። አንገቱ ላይ ገመድ እንደነበረ እናቴ ብትናገር እርስዎ አያምኗትም፤ አልፈርድብዎትም። ዛሬ ግን የመጣሁት አባቴን ላስምር አይደለም። ያ ጎርፍ የሚወስደው የጣሊያንን አፈር አይደለም ልልዎ ነው።»

ዱላው ቀስ ብሎ ወረደ። «እሺ፣ ምን ይሁን ትላለህ?»

«በተማርነው መሠረት አንድ ትልቅ ቦይ በድንበሩ ላይ ይቆፈራል፤ ከላይ እስከ ታች ቀጥ ያለ . . .»

«ቀጥ ያለ!» አሉ ሽማግሌው፤ ሳያስቡት ሳቅ አመለጣቸው። «ቀጥ ብሎ ከወረደማ ሌላ ቦረቦር ወለድህ! ሰያፍ ነው የሚወጣው። ቀስ እያለ፣ ሣሩ መስክ ደርሶ እስኪሰክን። ዳር ዳሩን ድንጋይ ትደረድራለህ፤ ቦረቦሩን በእንጨትና በድንጋይ ትከትራለህ፤ ከዚያ ደለሉ ራሱ ይሞላዋል።»

ባምላኩ አተኩሮ አያቸውና፣ «ይህን ሁሉ እያወቁ ነው ውኃውን የለቀቁብን?» አለ።

ዝናቡ ማባራት ጀምሮ ነበር። አያ እንዳላማው ጋቢያቸውን መልሰው ተከናነቡ።

«እያወቅሁ ነው» አሉ።

አብረው ወደ ድንበሩ ሄዱ። ቦረቦሩ ሰው ይውጣል። ከጫፉ ጓል በጓል እየተገመሰ ሲወድቅ በዓይናቸው አዩ፤ አውድማውም ከጫፉ በእርግጥ ስድስት እርምጃ ብቻ ይርቅ ነበር። ከዚያ ወዲያ ምክር አላስፈለጋቸውም። ቦዩ በታችኛው መሬት ማለፍ ስላለበት ወደ ሸጊቱ ደጅ ሄደው ተጣሩ።

«ውኃውን ሆን ብዬ ነው ያዞርኩብሽ» አሉ ስትወጣ።

«አውቃለሁ። ይቅር በይኝ ሊሉ ነው የመጡት?»

«በድዬሻለሁ፤ ይቅር በይኝ። የባልሽን ነገር ግን ገና አልቻልኩትም። ቦይ እንቆፍር ልልሽ ነው።»

ሸጊቱ በሩን ተደገፈች። «እኔም ይቅር ለማለት ገና ነኝ» አለች። «ዶማ ግን አለኝ።»

የተገኘውን ጥቅም መናገር ተገቢ ነው። አውድማው ተረፈ። ቦረቦሩ በሁለተኛው ክረምት በደለል ሞልቶ ሣር በቀለበት፤ የሸጊቱም ማሳ ጤፍ አበቀለ። ውኃ ያንዱን ድንበር ሳይነካ የሌላውን አይሻገርምና፣ ባንዳ አርበኛ ተባብሎ የተለያየው ዘመድ ሁሉ እየተጠራራ ቦዩን ወደ የማሳው ቀጠለ። ጣሊያን አገሩን ለቅቆ ሲወጣ በዚያ ርስት ላይ ደም የሚፈላለግ ሰው አልነበረም፤ በብዙ ሌላ ቦታ ግን ነበረ። መሬቱን በጋራ የሚጠብቅ ሰው መቃቃሩን እያቆየ ሊቀጥል እንደማይችል ይህ በቂ ምስክር ነው።

ይህ ሁሉ ግን ኋላ የመጣ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት እሳቸው ከላይ፣ ሸጊቱ ከልጇ ጋር ከታች፣ ሳይነጋገሩ ቆፈሩ። በአራተኛው ቀን ሁለቱን ቁፋሮዎች ክንድ የማይሞላ አፈር ብቻ ለያቸው። ሸጊቱ ቀና ብላ የሽማግሌውን የዶማ አያያዝ አየች።

«አለበልም እንዲሁ ግራኝ ነበር» አለች።

አያ እንዳላማው ዶማቸውን እንደያዙ ቆሙ። እንባቸው ጢማቸው ላይ ወረደ፤ ሊጠርጉትም አልሞከሩም።

«እርፍ ያስጨበጠው ታረቀ ነው» አሉ።

ያን ስም ለሸጊቱ ሲጠሩላት በሁለት ዓመት የመጀመሪያቸው ነበር። ከዚያ ሁለቱም ጎንበስ ብለው የቀረውን አፈር አወጡ።