ዝናብ ሲዘንብ የማይከፈተው በር

የምስክር ቃል

ስም፦ በሕንፃው ነዋሪዎች ዘንድ «አባባ ጨዋታ» የሚባሉ
ዕድሜ፦ 78 (ምስክሩ «ጥርሶቼ ግን ገና አራት ዓመታቸው ነው» ተብሎ እንዲጻፍላቸው ጠይቀዋል)
ሥራ፦ ጡረተኛ፣ የልጅ ልጆች አያት
አድራሻ፦ ዛፎቹ ከግራና ከቀኝ በገጠሙበት መንገድ፣ የጥንቱ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ፣ ሁለተኛ ፎቅ
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ማክሰኞ ከቀኑ 11 ሰዓት

እኔ ምስክሩ ከላይ በተገለጸው አድራሻ ስኖር ብዙ ዓመቴ ነው። ቤት ሰብራ ገብታለች ተብላ የተጠረጠረችውን ልብስ ሰፊ በሚገባ አውቃታለሁ። ከእኔ በር ፊት ለፊት ያለውን ቤት የተከራየችው ዝናቡ በጀመረ ሰሞን ሲሆን፣ አከራይዋ ሌላ ከተማ ስለምትኖር ቤቱን ከፍቼ ያሳየኋት እኔ ነኝ። ያን ዕለት መስኮቱን ስትከፍት የዛፉ ቅርንጫፍ ዘው ብሎ ወደ ክፍሉ ገባ። «አባባ፣ ይሄም ኪራይ ይከፍላል?» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ቤቱን ለሌላ ሰው አላሳየሁም።

የቤቱ በር ወፍራም የድሮ እንጨት ሲሆን ዝናብ በዘነበ ቁጥር ያብጣል፤ ቁልፉ ቢዞርም በሩ አይላቀቅም። ዘዴውን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ ብዬ አምን ነበር። ስለዚህ ልጅቷ ከሥራ ስትመለስ የእኔን በር ታንኳኳለች፤ እኔም «ፊትሽን ወደ ግድግዳ አዙሪ፣ የሙያ ምስጢር ነው» እያልኩ እከፍትላታለሁ። ከዚያ ደረጃው ላይ ቆመን እንጫወታለን። የልጅ ልጆቼ ርቀው ስለሚኖሩ በሬን የሚያንኳኳ ሌላ ሰው የለም። አከራይዋ አናጺ ልላክ ስትልም «ተይው፣ የሕንፃው ጠባይ ነው» ብዬ አስቀርቻለሁ።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ በዝናብ ዓይኔን ለመታየት ሐኪም ቤት ሄጄ ነበር። ስመለስ ልጅቷ ደረጃው ላይ በፖሊሶች መካከል ቆማ አገኘኋት። ባለፈው እሁድ ላይኛውን ፎቅ ተከራይቶ የገባው የሂሳብ ሠራተኛ ስለማያውቃት፣ እኔ በሌለሁበት በሩን በጉልበቷ ስትመታ አይቶ ለፖሊስ ደውሏል። ጥንቃቄው አያስወቅሰውም። ወጣት ሆኖ ፊቷን ሳያይ ጉልበቷን ብቻ ማየቱ ግን አሳዝኖኛል። ቁልፏን ብታሳይም አከራይዋ ስልክ ባለማንሳቷ ወደ ጣቢያ ሊወስዷት ሲሉ፣ መርማሪው በሩን እንዴት እንደከፈተችው እንድታሳይ አዘዛት። እጀታውን ወደ ላይ አነሳች፣ ትንሽ ወደ ራሷ ሳበች፣ የበሩን ታች በጉልበቷ አንዴ መታች። ተከፈተ። ዘዴው የእኔው ነው፤ ምንም አልጎደለውም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የቻልሽበት?» ብዬ ጠየቅኋት።

«በገባሁ በሳምንቱ፣ አባባ።»

«ታዲያ ለምን ታንኳኪ ነበር?»

«እርስዎስ ለምን ፊቴን ወደ ግድግዳ ያዞሩኝ ነበር?»

መርማሪው ቃል እንድንሰጥ ሁለታችንንም ወደ ጣቢያ አመጣን። እዚህም ያንኑ ጥያቄዋን ደግሞ ጠይቆኛል፤ «የሙያ ምስጢር ነው» ተብሎ ይጻፍልኝ።

ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ የምትጠብቀው ልጅ ወደ ገዛ ቤቷ የገባች ተከራይ እንጂ ሌባ አይደለችም። ቃሌ ተነብቦልኝ፣ ከአፌ እንደወጣ ሆኖ ስላገኘሁት ፈርሜያለሁ። አንድ ነገር ግን ይመዝገብልኝ፦ ስትለቀቅ አብረን አንሄድም። እኔ ቀድሜ ቤቴ ልግባ፤ እሷ ትንሽ ቆይታ ትምጣና ታንኳኳ።

የምስክሩ ፊርማ ____________
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ ____________