ትንፋሽ የፈረደው ክርክር

ለጉሮሮዬ ሕመም ጤና ጣቢያ በሄድሁበት ጠዋት፣ ጎረቤቴን ሽማግሌውን አናጢ ከላቦራቶሪው በር ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ሠፈርተኛው «ጋሼ ውሃልክ» ይላቸዋል፤ ስንጥር ታህል የተዛባ መደርደሪያ ከእጃቸው አይወጣምና። ምራታቸው አጠገባቸው ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ቆማለች።

«ደህና ነዎት ጋሼ?» አልኋቸው።

«ምን ደህንነት አለ መምህር! ሆዴ እንደ ከበሮ ይነፋል፤ ያጉረመርማል፤ ያሯሩጠኛል። ሦስት ወር ሆነኝ። ልክ እሷ ማድ ቤቱን ከያዘች ወዲህ።»

ምራቲቱ ዘወር አለች። «እኔስ በቃኝ መምህር። የምርመራውን ውጤት ልስማ ብዬ እንጂ፣ ከሰዓት ወንድሜ መጥቶ ወደ እናቴ ቤት ይወስደኛል።»

የላቦራቶሪ ባለሙያዋ ወጣት ትንሽ መሣሪያ ይዛ ወጣች። «አባባ፣ ከትናንት ማታ ወዲህ ከውሃ በቀር ምንም አልቀመሱም አይደል? እንግዲያው እዚህ ላይ ይተንፍሱ።»

«የታመመው ሆዴ፤ አንቺ ትንፋሽ ትለኪያለሽ! ጣሪያ ሲያፈስ ወለል ይጠገናል እንዴ ልጄ?»

ልጅቷ ሳቀች። «በወተት ውስጥ ላክቶስ የሚባል ስኳር አለ። የሚሰባብረው ኢንዛይም ሲያንስ ስኳሩ ሳይፈጭ ወደ ትልቁ አንጀት ይወርዳል። እዚያ ያሉ ባክቴሪያዎች ሲበሉት ሃይድሮጂን የሚባል ጋዝ ይወጣል፤ ጋዙ በደም በኩል ሳንባ ደርሶ ከትንፋሽ ጋር ይወጣል። እሱን ነው የምንለካው።»

«ወተት? ከእናቴ ጡት ጀምሮ የማውቀው ወተት በእርጅናዬ ይክዳኛል?»

«ወተቱ ምን አደረገ? ኢንዛይሙ ነው የቀነሰው። ብዙ ሰው ካደገ በኋላ ይቀንስበታል፤ ነውር የለበትም።»

ሽማግሌው አሁንም ራሳቸውን ሲነቀንቁ ጊዜ ጣልቃ ገባሁ። «ጋሼ፣ እርስዎ ጣውላ በዓይን ግምት ይቆርጣሉ?»

«እኔ? ሞቼ ነው ቆሜ!»

«ታዲያ ሰው በግምት እንዴት ይኮንናሉ?»

ሽማግሌው መሣሪያውን ተቀብለው ተነፈሱበት። አራት አሳየ። ከዚያም ላክቶስ የተበጠበጠበት ውሃ ጠጡ፤ በየግማሽ ሰዓቱም ይተነፍሱ ጀመር። እኔም ጉዱን ለማየት ጉሮሮዬን ረስቼ ቀረሁ። አምስት። ዘጠኝ። ሠላሳ አንድ! ሽማግሌው ወረቀት ለምነው ቁጥሮቹን ራሳቸው መጻፍ ያዙ። አምሳ ስምንት ሲል ሆዳቸው ሁላችንም እስክንሰማው ድረስ ጮኸ።

«ቆይ ቆይ! ከቁጥሩ ጋር አብሮ ይወጣል እኮ!» አሉ ዓይናቸው በርቶ።

«ጩኸቱንም ይጻፉት» አለች ባለሙያዋ። «የቁጥሩ ከፍ ማለት ስኳሩ አለመፈጨቱን ይነግረናል፤ ስሜትዎ ደግሞ ሰውነትዎ አለመቻሉን። ቁጥሩ ከፍ ብሎበት ምንም የማይሰማው ሰውም አለ። ደግሞስ አባባ፣ ምራትዎ ዛሬ ምን አበሰለች?»

«ምንም» አሉ ቀስ ብለው። «ለመሆኑ እኔ ወተት በየቀኑ መጠጣት የጀመርሁት መቼ ነው?»

ምራቲቱ ደነገጠች። «እኔ ነኝ የማመጣልዎት! ማድ ቤቱን ከያዝሁ ወዲህ፣ ጠዋት ጠዋት፣ በትልቁ ብርጭቆ። አባቴ በሕይወት ቢኖር የማደርግለትን ነው ያደረግሁት።»

ሽማግሌው ከመቀመጫቸው ተነሡ። «ልጄ፣ አክብሮትሽን እየጠጣሁ ስምሽን አጠፋሁ። ይቅር በዪኝ።»

«ይቅር ለእግዜር» አለች፤ ዕንባዋን ጠርጋም ለወንድሟ «አትምጣ» ብላ ልትደውል ወጣች።

ሐኪሙ ወተትን ጨርሰው እንዲተዉ አላዘዛቸውም። ጥቂት ወተት ከምግብ ጋር፣ ሲያሻቸው እርጎ፣ ለአጥንታቸውም ጎመንና ባቄላ እንዲያዘወትሩ መከራቸው። በወሩ ሆዳቸው ጸጥ አለ፤ ሥራቸውን እያቋረጡ መሮጥም ቀረ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የቤቱ ሰላም ነው። አንድ ጠዋት የፈጀ ምርመራ አካልን ከሥቃይ፣ ንጹሕ ሰውንም ከሐሜት ያድናል። ሽማግሌውና ምራታቸው ዛሬ ከአንድ ገበታ ይበላሉ፤ ወጡ ጨው ቢያንሰው እንኳ ሽማግሌው አንዲት ቃል አይተነፍሱም።