ሰው ሳይሞት የተተከለው ድንኳን

ወይዘሮ አያልነሽ በክርክር ተረትተው አያውቁም ይባላል። ይህን የሚሉት ራሳቸው ወይዘሮ አያልነሽ ስለሆኑ ግን ነገሩን በጥንቃቄ መስማት ይገባል። መምህር ባላቸውን ተከትለው ከደብረ ታቦር መቀሌ ከመጡ ብዙ ዘመናቸው ነው። ባላቸውን እዚሁ ቀብረዋል፤ ልጃቸውን እንድርያስን እዚሁ ድረዋል፤ ትግርኛውንም ሲቆጡ ከአማርኛው ይልቅ ያቀላጥፉታል። በእንዳ ኢየሱስ ተዳፋት ባለው ሰፈራችን የእድሩ ዕቃ ጠባቂ እርሳቸው ናቸው። ድስቱም አግዳሚውም፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ትልቁ የለቅሶ ድንኳን፣ እርሳቸው ቁልፍ ካላዞሩ ከዕቃ ቤት አይወጣም።

አንድ ቅዳሜ ጧት ወፍጮ ቤት ተሰልፈው ተራቸው ሊደርስ ሲል መብራት ጠፋ። ወፍጮው አጓርቶ አጓርቶ ዝም አለ። ሰዉም እያጉረመረመ በየጆንያው ጎን ተቀመጠ። ወይዘሮ አያልነሽ የሚቆጡት ሰው ፍለጋ ወደ ኋላ ዞር ቢሉ ከዳግማዊት ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። ዳግማዊት የጎረቤት ልጅ ናት፤ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ሥነ ልቦና ተምራ አሁን በሰፈሩ ጤና ጣቢያ ትሠራለች። ስትናገር ቃሉ ከአፏ ሳይወጣ እጇ ይቀድማል።

«እትዬ አያልነሽ፣ እንዴት አደሩ! ቤትዎ ልመጣ ሳስብ መብራቱ እዚሁ አገናኘን፤ ተመስገን ነው።»

«መብራት ጠፋ ብሎ ተመስገን ያለ ሰው ከአንቺ በፊት አላየሁም። ምን ጉዳይ ነው?»

«የእድሩን ድንኳን እንዲሰጡን ነው።»

ወይዘሮ አያልነሽ ደረታቸውን ያዙ። «እመብርሃን! ማን ሞተ?»

«ኧረ ማንም! ለእናቶች ነው። በሳምንት አንድ ቀን ተሰብስበው የልባቸውን እንዲነጋገሩ፣ ጭንቀት ሲበረታባቸው የሚያደርጉትን እንዲማሩ አስበናል። ጤና ጣቢያ ኑ ስንላቸው ‹እዚያ ከገባሁ አበደች እባላለሁ› ብለው ይቀራሉ። እንግዲያው እኛ እንሂድላቸው አልን። ሜዳው አለ፤ ፀሐዩ ግን አያስቀምጥም።»

«ጭንቀት አልሽ? ልጄ፣ ጭንቀት የደላው ሰው በሽታ ነው። ድሃ ቁጭ ብሎ የሚጨነቅበትን ጊዜ ከየት ያመጣል?»

«ስለዚህ ነዋ ቆሞ የሚጨነቀው! ልጅ አዝላ፣ ጀሪካን ተሸክማ፣ ‹ነገ ምን አበላቸዋለሁ› እያለች።»

«እኔስ? በዚያ ክፉ ጊዜ መንገዱ ተዘግቶ፣ ስልኩ ጠፍቶ፣ ልጄ የት እንደ ወደቀ ሳላውቅ ስከርም ማን መከረኝ? ሁሉን በሆዴ ቻልኩት። ሆድ የተፈጠረው ለመቻያ ነው።»

«ለእህልም ነው የተፈጠረው፣ እትዬ። የእርስዎ ግን እህሉን አልቀበል ካለ ሰነበተ ሲሉ ሰማሁ።»

ሰልፈኛው ሳቀ። እውነትም የወይዘሮ አያልነሽ ጨጓራ በዓይደር ያልጎበኘው ፋርማሲ የለም።

«ጨጓራዬን ለቀቅ አድርጊው! የበርበሬ ነው።»

«በርበሬ ቢተዉስ?»

«ከተውኩማ ስንት ዘመኔ!» አሉና፣ የተናገሩት ዘግይቶ ለራሳቸው ሲሰማቸው ነጠላቸውን ማስተካከል ጀመሩ።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ እጅ ይሰጥ ነበር። ወይዘሮ አያልነሽ ግን አንዱ በር ሲዘጋባቸው ሌላውን የሚከፍቱ ሰው ናቸው።

«ደግሞስ ጸበል እያለ?»

«ጸበሉ ይቅር ያለ ማን አለ? እኔም እናቴም እንጠመቃለን። ጸበሉንም ይጠጡ፣ ሰውም ያማክሩ፣ ካስፈለገም ሐኪም ይዩ። አንዱ የአንዱን መንገድ አይዘጋም።»

«ሴቶች ተሰብስበው ገመናቸውን ሲያወጡ ታዲያ ሐሜት እንጂ ምን ይባላል? ዛሬ የነገርኳት ነገ ቦኖ ሰልፍ ላይ ታወራብኛለች።»

ይህን ጊዜ ከጎናቸው የነበረችው ኣብርሀት፣ በመንገዱ ዳር ቲማቲም የምትሸጠው፣ ሳል አለች።

«ኣደይ አያልነሽ፣ ይቅርታ፣ ልግባበት። በሓወልቲ በኩል እኅቴ ያለችበት ሰፈር እንዲህ ያለ ማኅበር አለ፤ ገብቻለሁ። መጀመሪያ የምንምለው ‹እዚህ የሰማሁት እዚህ ይቀራል› ብለን ነው። ስለዚህ የሌላዋን አልነግርዎትም፤ የራሴን ግን ልንገርዎት። ልጆቼን እመታ ነበር። ቲማቲሙ ሳይሸጥ በስብሶብኝ ስገባ እጄ የሚያርፈው እነሱ ላይ ነበር። አሁን ንዴቱ ሲመጣ ደጅ ቆሜ ትንፋሼን አረጋጋለሁ፤ ከዚያ እገባለሁ። ልጆቼ ሲያዩኝ መደበቅ ትተዋል። ይህ ሐሜት ከሆነ፣ ሓቂ፣ እውነቴን ነው፣ ሐሜት ጥሩ ነው!»

«ቢሆንም» አሉ ወይዘሮ አያልነሽ፤ መልስ ያጣ ሰው ሁሉ የሚጀምረው በዚህ ቃል ነው፤ «ቢሆንም ድንኳን ለሞተ ሰው ነው።»

«እኔም የምለው እኮ ይኸው ነው!» ዳግማዊት ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። «ሰው ሲሞትባት እርስዎ ምን ያደርጋሉ? ብቻዋን አይተዋትም። ያጎርሷታል፣ አብረዋት ያድራሉ፣ ስታለቅስ ያለቅሳሉ፣ ረገብ ስትል ጨዋታ ያመጡላታል። ይህን ማን አስተማረዎት? እኔ ከመጽሐፍ ያነበብኩትን እናንተ ድሮም ስታደርጉት ኖራችኋል! ጥፋታችሁ አንድ ብቻ ነው፤ ሞት ትጠብቃላችሁ። ልቧ የዛለባት እናት እንዲህ እንድትታቀፍ የግድ ሬሳ መውጣት አለበት?»

ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ለመሆኑ ሉላ እንዴት ናት?» አለች።

ሉላ የእንድርያስ ሚስት ናት። ባሏ ለሥራ ሰመራ ስለሆነ ከጨቅላ ልጇ ጋር አማቷ ቤት ትኖራለች። በአገሩ ወግ የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው በሴቷ እናት ቤት ነው፤ የሉላ እናት ግን በጦርነቱ ጊዜ ገጠር ሳሉ አርፈዋል።

«ሉላማ ልግም ጀምራለች» አሉ ወይዘሮ አያልነሽ፣ በዚህስ እንደማይረቱ ተማምነው። «ልጁ ሲያለቅስ ቁጭ ብላ ታየዋለች። እህል አትቀምስ፣ እንቅልፍ የላት። ድምጿንም ከሰማሁት ቆየሁ። በእኛ ጊዜ እንዲህ ያለ ቅምጥልነት አልነበረም።»

የዳግማዊት እጆች ለመጀመሪያ ጊዜ ከመወናጨፍ አረፉ።

«እትዬ፣ ይህ ልግም አይደለም። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ሕመም ይመስለኛል። የሚድን ነው። ችላ ከተባለ ግን እናቲቱንም ሕፃኑንም ይጎዳል። በእግዚአብሔር ይዤዎታለሁ፣ ዛሬውኑ ቁጭ ብለው ይጠይቋት። አይቆጧት፤ ይጠይቋት ብቻ።»

መብራት መጣ፤ ወፍጮው እንደገና ጮኸ። «ድንኳኑ አይወጣም!» ብለው ወይዘሮ አያልነሽ ከወፍጮው በላይ ጮኹ።

ዱቄታቸውን አሸክመው ቤት ሲደርሱ ሉላ ደጃፍ ላይ ተቀምጣለች። ሕፃኑ ጭኗ ላይ ነው፤ እርሷ የምታየው ግን አጥሩን ነው። ወይዘሮ አያልነሽ እንደ ልማዳቸው ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱ፤ ምን እንደ ያዛቸው እንጃ፣ አጠገቧ ቁጭ አሉ።

«ሉላ፣ ጓለይ፣ ልጄ፣ ምን ሆነሽብኝ ነው?»

ሉላ ጨው አልቋል እንደሚል ሰው ረጋ ብላ፣ «እማማ፣ ልጁን ለሌላ ሰው ቢሰጡት ይሻለዋል» አለች። «እኔ ለእሱ አልሆንም። ከነጭራሹ ብጠፋ ለሁሉም ይቀላል።»

ወይዘሮ አያልነሽ በአንድ እጃቸው ሕፃኑን፣ በሌላው የሉላን እጅ ያዙና ስልኩን በአገጭና በትከሻቸው መካከል አድርገው ጮኹ፦ «ዳግማዊት! ድንኳኑን ውሰጂ! ድስቱንም፣ ዕቃ ቤቱንም ውሰጂ! ብቻ አሁን ነይልኝ!»

ዳግማዊት ወፍጮ ቤት የተሰለፈችበትን እህል እዚያው ትታ መጣች። ያንኑ ዕለት ሦስቱ ሕፃኑን ይዘው ባጃጅ ተሳፍረው ዓይደር ሆስፒታል ሄዱ። ሐኪሟ ሉላን ረጅም ጊዜ አነጋገረቻት፤ መድኃኒትም ቀጠሮም ሰጠቻት፤ ለወይዘሮ አያልነሽም፣ «ከመድኃኒቱ እኩል አንድ ነገር አዝዣለሁ፤ ብቻዋን አይተዋት» አለቻቸው።

ረቡዕ ጧት ድንኳኑ ሜዳው ላይ ተተከለ። እዚህ ላይ አንድ ስሕተት ተሠራ፤ የተማረችውም ያልተማሩትም የተካፈሉት ስሕተት ነው፤ ለሰፈሩ ሰው የነገረ የለም። በእኛ ሰፈር ደግሞ ድንኳን ሲታይ ምክንያቱ አይጠየቅም፤ ነጠላ ተዘቅዝቆ ይሮጣል። መጀመሪያ የደረሱት ጎረቤታችን ወይዘሮ ዓለምእሸት ናቸው። ድንኳኑ የቆመው ከወይዘሮ አያልነሽ አጥር ሥር ነው፤ ወይዘሮ አያልነሽ ደግሞ በዓይን አይታዩም። ታዲያ የሞተው ሌላ ማን ሊሆን ነው?

«ዋይ ኣነ! አያልነሽ እኅቴ! የሰፈሩ ዋልታ! እጀ ሰፊዋ! ደጋጎቹ እየቀደሙ ለማን ልትተዪን ነው?»

ሟች ከሸራው ጀርባ ገመድ ይዘው ቆመዋል። ዳግማዊት ደንግጣ ልትወጣ ስትል ክንዷን ለቀም አደረጓት።

«ቆይ፣ ትጨርስ» አሉ በሹክሹክታ። «ቆሜ ሳለሁ እንዲህ ብላኝ አታውቅም።»

ወይዘሮ አያልነሽ ከሸራው ጀርባ ሲወጡ፣ ወይዘሮ ዓለምእሸት እሪታቸውን ወደ እልልታ፣ እልልታውን ወደ ስድብ ለወጡት። ሜዳው ግን በለቀስተኛ ሞልቶ ነበር። የእድሩ ሊቀ መንበር አቶ ዘርኡም ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ከዘራቸውን ይዘው ደረሱ።

«ወይዘሮ አያልነሽ! ደንቡን ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ያለ ሞት ድንኳን መትከል ሟርት ነው። ማን ሞቶ ነው?»

ሰው ሁሉ ወደ እርሳቸው ዞረ። ወይዘሮ አያልነሽ ቅዳሜ ዕለት ራሳቸው የተናገሩት ከአቶ ዘርኡ አፍ ሲወጣ ሰሙት፤ ሲሰሙት ደስ አላላቸውም።

«ማንም አልሞተም፣ አቶ ዘርኡ። እንዳይሞትብን ነው!» አሉ። «አሁን ሁላችሁ ሥራችሁን ጥላችሁ ስትሮጡ መጣችሁ፤ እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ግን ሟቿ ይህን ታያለች? ‹ይህ ሁሉ ሰው ለእኔ ነው› ትላለች? እዚህ ሰፈር ልቧ የደከመባት እናት አለች። ሩጫችሁን ለእርሷ በቁሟ ስጧት! ደንቡ ይህን ከከለከለ፣ ደንቡን ቁጭ ብለን እናርመዋለን!»

አቶ ዘርኡ መልስ ሊሰጡ ከዘራቸውን አነሡ። በዚህ መካከል ከአጥሩ በር አንዲት ቀጭን ሴት ልጇን ታቅፋ ወጣች። ሉላ ናት። ማንም አልጠራትም።

«ለእኔ ነው» አለች ሰዉ ፊት ቆማ። «እናቴ ስትሞት ድንኳን አልተተከለላትም። ሰው አልተሰበሰበም፤ እኔም አልቀበርኳትም። ዛሬ ሁላችሁም መጥታችኋል። በጃኹም፣ እባካችሁ፣ ትንሽ ተቀመጡልኝ።»

ከዚያ በኋላ አለቀሰች። ወይዘሮ ዓለምእሸት ሮጠው አቀፏት፤ ኣብርሀት ሕፃኑን ተቀበለች፤ ወንዶቹ ጭምር ድንኳኑን ሞሉት። አቶ ዘርኡ ከዘራቸውን እንዳነሡ ትንሽ ቆሙና፣ «ምን ታያላችሁ? አግዳሚ አምጡ እንጂ!» ብለው በጎረምሶቹ ላይ ጮኹባቸው። የእድሩ ደንብ የተሻሻለው በዚህች ዓረፍተ ነገር ነው፤ ሌላ ስብሰባ አልተጠራም።

የሉላ ልብ ረገብ ሲል ዳግማዊት የእናቶቹን ሥራ ጀመረች። ትንፋሽን በአፍንጫ ቀስ ብሎ መሳብ፣ ይዞ ቆየት ማለት፣ ቀስ ብሎ መልቀቅ።

«ትንፋሽማ ከተወለድኩ ጀምሮ ስስብ ነው የኖርኩት» አሉ ወይዘሮ አያልነሽ።

«እስቲ ዛሬ ሳይቸኩሉ ይሳቡት፣ እትዬ።»

ዓይናቸውን ጨፍነው ሳቡ፤ ለቀቁ፤ ደግመው ሳቡ። ሌሎቹ ዓይናቸውን ሲገልጡ ወይዘሮ አያልነሽ በወይዘሮ ዓለምእሸት ትከሻ ላይ እያንኮራፉ ነበር። ማንም ሊቀሰቅሳቸው አልደፈረም።

ድንኳኑ ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ረቡዕ ይተከላል፤ ለቅሶ ካለ ቀኑ ይዛወራል። ሉላም ጥቂት ሳምንታት ቆይታ ለክትትል ወደ ዓይደር በሚኒባስ ስትሄድ አማቷ አብረዋት ተሳፈሩ። ከፊታቸው የተቀመጠች አንዲት የማታውቃቸው ሴት፣ «በእንዳ ኢየሱስ በኩል ያሉ ሴቶች ድንኳን ተክለው ወሬ ያወራሉ አሉ» ብላ ተሳሳተች። ወይዘሮ አያልነሽ ይህን ቀን ሲጠብቁ የከረሙ ይመስል ወደ ፊት ተንጠራሩ።

«ወሬ? የተባለውን አልነግርሽም፤ ምለናል፤ ምላሴ እንዴት እንደሚበላኝ እኔ ነኝ የማውቀው! የሚገኘውን ጥቅም ግን ልንገርሽ። ሕፃናቱን በተራ እንይዛለን፤ አንዷ ስትይዝ ሌላዋ ትተኛለች፤ እንቅልፍ ያገኘች እናት ደግሞ ሌላ ሰው ናት። ንዴት ሲመጣ ምን እንደሚደረግ ስለምናውቅ በየቤቱ ዱላው ቀንሷል። ባል ሲደውል ስድብ ሳይሆን ወግ ይሰማል። ከእኛ አቅም በላይ የሆነችውን ‹አበደች› ብለን አንሸሻትም፤ ክንዷን ይዘን ሐኪም ዘንድ እናደርሳታለን። ሕመም ነው፤ እንደ ወባ ይታከማል፤ አያሳፍርም። እናት ስትቆም ቤት ይቆማል፣ ቤት ሲቆም ሰፈር ይቆማል። የእናንተ ሰፈር እድር ድንኳን የለውም? ማን ነው ጠባቂው? ስልኩን ስጪኝ!»

ተሳፋሪው ሁሉ ወሬውን ተቀላቀለ። ሾፌሩ ስለ እኅቱ ጠየቀ፤ ረዳቱ የገንዘብ መልስ መስጠት ረሳ። ሚኒባሱም የሆስፒታሉን በር አልፎ ወደ ላይ መክነፍ ጀመረ። ያኔ ከኋላ ወንበር፣ ከልጅ አቃፊዋ ከሉላ፣ ጥርት ያለ፣ የሳቅ ቅላጼ የቀላቀለ ድምፅ መኪናውን ሞላው፦

«ወራጅ አለ! እማማ፣ ኧረ አለፍነው! ወራጅ አለ!»