ግራቪሊያ ከነላስቲኩ

ምን ልበላችሁ፣ አንድ ጎረምሳ የግብርና ባለሙያ ጅጋ አጠገብ ወዳለው ቀበሌያችን መጥቶ ስለ ግራቪሊያ አስተማረን። ዝናብ ላይ አቁሞን፣ «ዛፉ ቶሎ ያድጋል፣ ሥሩ ጠልቆ ይሄዳል፣ ውሃ የሚተኛበት መሬት አይወድም፣ ክረምት ከበጋ አይደርቅም» እያለ ሲያንበለብለው እውነትም የሚያውቅ መሰለኝ። «አተካከሉን ላሳያችሁ» አለና አንዱን ችግኝ ብድግ አድርጎ ከነጥቁር ላስቲኩ ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ አፈር መለሰበት። ዛፍ ቀርቶ ጎመን ተክሎ የማያውቅ!

«ሥሩ በየት በኩል ነው ጠልቆ የሚሄደው? ላስቲኩን አታወልቅለትም?» አልኩት።

«እርጥበት ይይዝለታል» አለኝ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

ልጮህበት ስል የደብራችን መሪጌታ ክንዴን ያዝ አደረጉኝና ወደሱ ዞሩ። «ልጄ፣ ክረምት ከበጋ የማይደርቀው አፍህ እንደሆነ ገብቶናል። አሁን የዛፉን ንገረን።»